ተራራው ላይ የተጠራ ስም

ነርሷ ዳማሪስ ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልላ ቢሉሟ ውስጥ ትከትና፣ የክር ቦርሳውን ማንገቻ ግንባሯ ላይ አድርጋ ተራራውን ትወጣለች። በባሕር ዳርቻዋ መንደር በዋሉንጋ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በጤና ጣቢያው የመዘገበቻቸው ሕሙማን ከዚያ ተነሥተው ሌይ ከተማ ወዳለው ዳታቤዝ ይገባሉ። ሌይ ያሉት ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ ለተገኘ ሕመምተኛ መድኃኒት አሽገው፣ ካርቶኑ ላይ ስሙን ጽፈው በጀልባ ይልካሉ። ዳታቤዙ ውስጥ ያልገባ ሰው ለእነሱ የለም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል የባሏ ታላቅ ወንድም ደም ማሳል ጀመረ። አክታውን በማይክሮስኮፕ ስታይ ሰማያዊው ቀለም ላይ ቀያይ ክሮች አየች። የሳንባ ነቀርሳ። ላፕቶፑን ከፈተች። መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም ነው።

ያገባች ሴት የባሏን ወንድሞች በስም አትጠራም፤ አትጽፍምም። የባሏ ወንድም ለእሷ ታምቡ፣ ስሙ የማይጠራ ዘመድ ነው፤ እሷም ለእሱ ታምቡ ናት። ሌላ ጊዜ የእነሱን ስም የሚጽፍላት ባሏ ሙያንግ ነበር። እሱ ግን የደረቀ ኮኮናት፣ ኮፕራ፣ ጭኖ ሌይ እንደሄደ አልተመለሰም። ማሽኑ ያለ ስም አያሳልፍም። «ታምቡ» ብላ ጻፈች፤ ሙያንግ ሲመጣ ያርመዋል ብላ። የልደት ቀኑን የሚያውቅ ስለሌለ ማሽኑ ልደቱ ላልታወቀ ሁሉ የሚሰጠውን አንድ ቀን ሞላው።

በማግስቱ የባሏ ታናሽ ወንድም መጣ። እሱም ያስለዋል። አክታው ንጹሕ ነበር። እሱንም «ታምቡ» ብላ መዘገበችው።

ሙያንግ ዘገየ። ደመናው ገለጥ ሲል ተራራው ላይ ወጥታ ሁሉንም ላከች። አረንጓዴው መስመር ሞላ። ላፕቶፑም እንደ ልማዱ የላከውን ከራሱ ላይ አጠፋ።

ጀልባው መድኃኒት ይዞ ሲመጣ ዳማሪስ ካርቶኖቹን አገላብጣ አየች።

«የታምቡስ?» አለች።

ባለጀልባው ኢሪባ ቡአይ የሚሉትን ፍሬ በማኘክ የቀላ ጥርሱን አሳያት። «የማን ታምቡ? እኔም የስንቱ ታምቡ ነኝ፤ ለእኔስ ማን ላከልኝ?»

ዳርቻው ላይ የነበሩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። እጇ የሌላ መንደር ሰው ስም ያለበት ካርቶን ላይ አረፈ። ከዚያ ላይ ብትቀንስ ሁለቱም ሳይድኑ ይቀራሉ፤ በሽታው ብቻ ይጠነክራል። እጇን አነሣች።

ተራራው ላይ ወጥታ ሌይ ሆኖ ዳታቤዙን ወደሚጠብቀው ቶቢያስ ደወለች።

«ሲስተር፣ ከዋሉንጋ ታምቡ የሚል አንድ ሰው አለኝ። ውጤቱ ነጻ ነው» አላት።

«ሁለት ናቸው እኮ።»

«ስማቸው አንድ፣ መንደራቸው አንድ፣ ልደታቸው አንድ። ሲስተሙ አንድ ሰው መስለውት የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ጽፎበታል። የታመመውን ስም ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ላስገባው።»

ሙያንግ ይመጣበታል ያለችውን ባሕር ቁልቁል አየች።

«ሲስተር፣ መስመሩ ሊቆረጥ ነው።»

«ታምቡዬ ነው።»

«ገባኝ። እኔም ታምቡ አለኝ። ግን ዛሬ ካልገባ የሚቀጥለው ጀልባ ያመልጠዋል።»

«ጌዲሳ» አለች። «ጌዲሳ ሶምባንግ።»

ዞር ስትል ከጣሮ እርሻ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱ ላይ ቆመዋል። አማቷ ከፊት ናት።

«ልጄን እንደ ውሻ ጠራሽው?»

«እማማ፣ መድኃኒቱ እንዲመጣለት…»

«እኔን ብትጠሪኝ እግር የለኝም? የወለድኩትን ስም መጥራት ያቅተኛል?»

ዳማሪስ ያን አላሰበችውም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወረደ። የሕመምተኛው ዘመዶች ለስድቡ አሳማ ትክፈል አሉ። እሱ ቤቱ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። እንደ ወጉ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ታምቡ፣ ተራራ ላይ ወጥተሽ ጠራሽኝ አሉ» አለ። «እኔ ደግሞ አቤት ሳልልሽ ቀረሁ።» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እስኪያልፍለት ጠበቀች።

«አሳማ ክፈዪ ብለውኛል።»

«ትንሿን ስጫቸው። ትልቋን ለቀብሬ አቆዪልኝ።»

«ጀልባው ይመጣል።»

«ባሕሩን አይተሽዋል?» አላት።

እያየችው ነበር። ንፋሱ ዞሯል። ማዕበሉ ከዳርቻው የኮኮናት ዛፎች ሥር ደርሷል፤ ጀልባ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ሙያንግም በማዕበሉ ታግዶ ሌይ ወደብ ላይ ቀረ፤ ወንድሙን ለመቅበር አልደረሰም። ትልቋ አሳማ ታረደች።

ባሕሩ ሲረጋ ኢሪባ መጣ። አንዱን ካርቶን ምንም ሳይቀልድ ሰጣት። ስሙ በትልልቁ ተጽፎበታል፣ አንድም ፊደል አልጎደለውም። አሁን በዋሉንጋ ያን ስም የሚጠራ የለም፤ የሞተ ሰው ስም እናቱም አትጠራውም።

ዳማሪስ አዳዲሶቹን ሕሙማን ልትልክ ተራራው ላይ ወጣች። ሦስት የሚያስላቸው ሕፃናት ነበሩባት። ላፕቶፑ ሌይን ሲያገኝ ግን ከመላኩ በፊት ጥያቄ አወረደላት። ከላይ ስሙ፣ ከሥሩ ምርጫዎች፦ መድኃኒት ጀምሯል፣ አልተገኘም፣ ሞቷል። ይህ ሳይመለስ ሕፃናቱ አያልፉም።

በግራ አውራ ጣቷ ስሙን ሸፈነች። በቀኟ የመጨረሻውን ነካች።

አረንጓዴው መስመር መሙላት ጀመረ።