ሳይጠራ የመጣ አፈር

ያን ቀን እርሻው ላይ የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ በእናቴ ጀርባ የታዘለው ታናሽ ወንድሜ፣ ከእኛ በታች የምታርሰው፣ በአክብሮት አደ የምንላት ሙሚና እና ልጇ ሳርቱ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። የተጠራው ግን መንደሩ በሙሉ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ልጆቼ እንኳ ይህን ታሪክ ከእኔ አልሰሙም።

ልጅ እያለሁ ጉዛ ከሰርግ አያንስም ነበር። እርሻው ለብቻው የከበደው ሰው ጎረቤቱን ለሥራ ይጠራል፤ ጠሪው ጫቱን፣ የማሽላ ቂጣውንና ሆጃውን፣ ማለት በወተት የፈላውን የቡና ገለባ፣ ያዘጋጃል። ወንዶቹ ረጃጅሙን መቆፈሪያ፣ ዶንጎራውን፣ ይዘው በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፤ አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ብረቱ ሁሉ አብሮ መሬት ይገባል። እኛ ልጆች ከኋላቸው እየተከተልን ከተገለበጠው አፈር ትል እንለቅማለን፤ ለዶሮዎቻችን። ያ የተገለበጠ አፈር ሽታ፣ እርጥብና ትንሽ የሚጎመዝዝ፣ እስከ ማታ ከቀሚሴ አይለቅም ነበር። ጉዛ ተጠርቶ ደግሞ አይቀርም። የተኳረፈ ሰው እንኳ ይመጣል፤ ካኮረፈው ሰው አጠገብ ቆሞ ይቆፍራል፤ ጫቱን ቅሞ፣ ሳይነጋገር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው የእኛ ጉዛ ባዶ የቀረው።

የእኛ እርሻ ከጭሮ ከተማ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። አያቶቻችን ያንን ቁልቁለት በድንጋይ ካብ እርከን እርከን አድርገውት ነበር፤ ድንጋዮቹ ሽበት አውጥተው መሬቱን እንደ ሽማግሌ ደግፈው ይዘውት ነበር። አባቴ በረንዳ ማሠራት ፈለገ። እንግዳ ሲመጣ ግቢ ውስጥ በጆንያ ላይ ተቀምጦ መቃሙ አሳፍሮት ነበር፤ የከተማ ነጋዴዎች ቤታቸው በረንዳ አለው ይል ነበር። ድንጋይ ከወንዝ ማምጣት ደግሞ ሩቅ ነው። ከእርሻችን ግርጌ፣ የመጨረሻው ካብ ላይ ግን ጠፍጣፋ ጠፍጣፋው፣ የተጠረበ የሚመስለው ድንጋይ ተደርድሮ ተቀምጧል።

እናቴ ነግራዋለች። "ድንጋይ በዚህ አገር ጠፍቶ ነው ከካቡ የምትወስደው?" አለችው።

"ከጥግ ከጥጉ ነው እኮ፣ ምን ሊሆን! አፈሩ እግር የለው" አላት።

በረንዳው አማረ። እኔም ኮርቼበታለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ዘርግቼ የምጽፈው እዚያ ላይ ነበር፤ ድንጋዩ ከፀሐይ የያዘው ሙቀት እግሬን ያሞቅልኝ ነበር።

በበልጉ አንድ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጣሪያችን ላይ ያለው ቆርቆሮ እርስ በርስ መደማመጥ ከለከለን። ዝናቡ ሲያባራ ከእርሻው በኩል አንድ ነገር ሲጎተት ሰማን፤ ከባድ ጆንያ መሬት ለመሬት እንደሚጎተት ዓይነት ድምፅ። ስንወጣ የመጨረሻው እርከናችን ተገምሶ ወርዶ፣ በጉልበት ልክ የደረሰውን የአደ ሙሚናን ማሽላ ሸፍኖት ነበር። ከአፈሩ ውስጥ እዚህም እዚያም የቅጠል ጫፍ ብቻ ይታያል። አደ ሙሚና ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያቺ እርሻ ሌላ የሚያርስላት የሌላት፣ የራሷና የሳርቱ ጉሮሮ ነበረች። ቆማ አየችው፤ አልጮኸችም። አባቴ ካለበት ሆኖ "ምን ይደረጋል አደ ሙሚና፣ ጎርፍ እንደሆነ የአላህ ነው" አላትና ወደ ቤት ገባ። አንድ ቁና ዘር እንኳ ይዞ አልወረደም። ያኔ እኔ ንግግሩ ትክክል መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን የጭሮ ሰው ሁሉ አየው። የእኛ መሬት ነጭ ድንጋዩ ብቅ ብቅ አለ፤ ማሽላው ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ጣት የቀጠነ ዛላ ይዞ ቀረ። የአደ ሙሚና ግን ጥቁሩን የላይ አፈራችንን ለብሶ ጫካ ሆነ። እኔና ሳርቱ እዚያ ውስጥ ገብተን ስንደበቅ ሰው አያገኘንም ነበር። ሳርቱ ጥንቅሽ ሰብራ፣ ልጣጩን በጥርሷ ገፍፋ፣ ጣፋጩን የመሐሉን አንጓ ሁልጊዜ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ከበረንዳው ላይ ተቀምጦ ያንን ማሽላ ያያል። ጫት ይዞ ያያል፣ ጫቱን ጨርሶም ያያል። አንድ ቀን ተነሥቶ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደና "አፈሬ ይመለስልኝ" አለ።

ከጁምዓ ስግደት በኋላ መስጊዱ አጥር ጥግ ተቀመጡ። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን እናያለን። አባቴ ረጅም ንግግር አደረገ። አፈሩ ከአባቶቹ የወረሰው መሆኑን፣ እዚያች ሴት እርሻ ላይ ተኝቶ እሷን ሲያበላ የራሱ ልጆች ጦማቸውን ሊያድሩ መሆኑን ተናገረ። ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ ወደ አደ ሙሚና ዞሩ።

"ዓምና ማሽላዬን ሲቀብር የአላህ ጎርፍ ነው አልከኝ" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ዘንድሮ ማሽላዬን ሲያበቅል ያንተ አፈር ሆነ? ኦቦ አህመድ፣ አንዱን ምረጥ።"

ሳቁ ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ እስከ አጥሩ ደረሰ። ከጎኔ የነበሩት ልጆች ሲስቁ እኔም አብሬ ልስቅ ከፍቼ የነበረውን አፌን ዘጋሁት። ሐጂ ዩያ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ሳቁን አስቆሙ።

"አህመድ፣ የበረትህን በር ነቅለህ መቀመጫ ሠራህበት። አሁን ከብቶቼ ጎረቤት ግቢ ገቡ ብለህ ትከሳለህ። በሩንስ መቼ ትመልሳለህ?"

እሳቸውም ፈረዱ። አደ ሙሚና ማሽላዋን ትሰብስብ፤ ከዚያ ከራሷ መሬት በላይ የተኛውን አፈር አባቴ ይውሰድ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ፤ ሳይመለሱ አንድ ቅርጫት አፈር አይነሣም። ለእሷም "ልጄ፣ ተስማምተሻል?" አሏት። "አፈሩ እንግዳ ነው ሐጂ፤ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስሜ ተቀየረ። "የአፈር ከሳሹ ልጅ" ሆንኩ። ጥቁር ሰሌዳውን ላጠፋ ስነሣ አንዱ ከኋላ "ጠመኔውን ተዪልን፣ እሱም የአባትሽ ነው እንዴ?" ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል። ሳርቱ ብቻ አትስቅም ነበር። ትስቅብኛለች ብዬ ግን በየቀኑ እፈራ ነበር፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ መሳቅ የሚገባት እሷ ነበረች። እሷን እንዳላጣ ነበር ጭንቀቴ፤ የመሬቱ ነገር የትልቆቹ ነው።

አባቴ በረንዳውን አፈረሰ። ድንጋዮቹን በአህያ ወደ ካቡ መለሰና ጉዛ ጠራ። አፈር ሽቅብ መሸከም የአንድ ቤት ሥራ አይደለም፤ ዝናቡም እየቀረበ ነበር፤ ከዝናቡ በፊት ካልተመለሰ ደግሞ ያ ዓመትም ሊያልፈን ነው። እናቴ ከንጋት ጀምራ ቂጣ ጋገረች። ጫቱ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሆጃው ፈላ።

ፀሐይ ወጣች። ማንም አልመጣም።

መንገዱ ከእርሻችን በላይ ነው የሚያልፈው። ሰዎቹ ዶንጎራቸውን በትከሻቸው ይዘው ወደየራሳቸው ሥራ ሲያልፉ እናያቸዋለን፤ እነሱም ያዩናል። "አሰላሙ አለይኩም" ይላሉ፤ አባቴ "ወአለይኩም ሰላም" ይላል፤ ያልፋሉ። አንዱማ ቆም ብሎ "ኦቦ፣ ዛሬ ወገቤ ቆርጦኛል፣ ቀና ማለት አቅቶኛል" አለ፤ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ግንድ ለብቻው ይዞ። እናቴ ፊቷን ወደ ካቡ አዞረች። ሆጃው ላይ ስስ ቆዳ እየያዘ ሲቀዘቅዝ አስታውሳለሁ፤ እሷ እየመጣች ታሞቀዋለች፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ታሞቀዋለች። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። አባቴ ባዶ ቅርጫት ይዞ በቆመበት ያረጀ መሰለኝ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ያኔ ነው ከታች ሁለት ሰው ሲወጣ ያየነው። አደ ሙሚና ዶንጎራ ይዛለች፤ ሳርቱ ከራሷ ላይ ቅርጫት ደፍታ ዓይኗ ብቻ ይታያል። አባቴ ሌላ ክስ የመጣበት ስለመሰለው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ።

"ምን ቆምክ?" አለችው። "ፀሐዩ ሳይበረታ።"

"አንቺ ደግሞ ለምን መጣሽ?" አላት አባቴ፤ ቁጣ ለማስመሰል ሞክሮ ድምፁ ከዳው።

"ጉዛ ተጠርቼ ቀርቼ አላውቅም። ባሌ የሞተ ሰሞን እንኳ አልቀረሁም። ላንተ ብዬ ልጀምር?"

ሥራው ተጀመረ። እሷ ትቆፍራለች፣ እናቴ ትሞላለች፣ አባቴ፣ እኔና ሳርቱ ተሸክመን እንወጣለን። እናቴ ቅርጫቱን ለመሙላት ያገኘችውን ስትዝቅ አደ ሙሚና እጇን ያዘቻት። "ይሄ አሸዋ ነው፤ ምን ያደርግላችኋል? ከዚህ ከጥቁሩ ውሰዱ" አለቻት። የራሷ እርሻ ነው፤ ጥቁሩ ቢቀርላት የሚጠቅመው እሷን ነው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ላብ ይመስል ነበር።

እኔ ሳርቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አፈሩ ከቅርጫቱ ቀዳዳ እየሾለከ አንገቴ ውስጥ ይገባል፣ ከላቤ ጋር ይጨቀያል፤ እኔ የእግሯን ተረከዝ እያየሁ ከኋላዋ እወጣለሁ። መሐል መንገድ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

"ዘሃራ" አለችኝ፣ "ይሄ አፈር ግን እኛን ይወዳል መሰለኝ። ሰው ተጠርቶ ሲቀር እሱ ሳይጠራ ነው የመጣው።"

ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ወደ ለቅሶ ሲዞር ቅርጫቱን አውርዳ በቆሸሸ እጇ ጉንጬን ጠረገችው፤ ይብስ አጨቀየችው። ጓደኛዬን አላጣሁም። እፍረቱ ግን ከዚያች ሰዓት ወዲያ ከበደ። የማያውቀኝ ሰው ሲስቅብኝ እችለው ነበር፤ የበደልናት ሴት ልጅ ስታባብለኝ ግን መቻል አልቻልኩም።

እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ሊበላው የተዘጋጀውን ቂጣ ለስድስታችን አቀረብን። አደ ሙሚና ትንሽ ቆርሳ በላች፣ ሆጃውን ጠጣች፣ ጫቱን አልነካችም። ስትሄድ አባቴ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። "በይ፣ ደህና ዋዪ" ብቻ አላት።

የቀረውን አፈር እኛው ስንሸከም ከረምን፤ ካቡም ያዘው፤ ማሽላው እንደ ድሮው ባይሆንም በላን። ቤታችን ግን በረንዳው ከተነሣ በኋላ ደፉ ከመሬት ከፍ ብሎ ቀረ። ከበር ስንወጣ እየዘለልን ነበር የምንወርደው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ "ምነው ደረጃ ሳትሠሩ?" ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ወሬ ይቀይራል። እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቴን ተውኩ። አባቴ ሂጂ አላለኝም፣ ቅሪም አላለኝም። ሳርቱ ጥቂት ጊዜ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ እየመጣች ጠራችኝ፤ ከዚያ እሷና እናቷ ወደ ቆላ፣ አጎቷ ዘንድ ሄዱ ተባለ። መሬቷን የባሏ ዘመዶች ያዙት። የሄዱ ቀን አልሰማንም።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በስተርጅናው አልጋ ላይ ሆኖ ድንገት "ያቺ ሴት ግን ያን ቀን ለምን መጣች?" ብሎ ጠየቀኝ። የነገረችውን ነገርኩት። "እሱንማ ሰምቻለሁ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁን እኔ ከተማ ነው የምኖረው፤ ልጆች አሉኝ። ደመና ሲጠቁር መንገድ ዳር ያለውን ቦይ ስጠርግ ጎረቤት ይስቅብኛል፤ ልጆቼ ከሰው አጥር አንዲት ድንጋይ ለጨዋታ ቢያነሡ መልሱ ብዬ እጮሃለሁ፤ እናታችን ፈሪ ናት ይላሉ። ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ ላይ ቀይ ጎርፍ ይወርዳል፤ ባጃጆቹ እየረጩት ያልፋሉ። ያደግሁበት ቁልቁለት ላይ አሁን ያለው ጫት ነው፤ ካቡ በብዙ ቦታ ፈርሷል፤ ጉዛም ሲጠራ የምሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ በምትኩ የቀን ሠራተኛ ነው የሚቀጠረው። ያን ውኃ ሳይ የሰው እርሻ ነው የሚያልፈው እላለሁ። ያኔ ተጣልተንም ቢሆን፣ ተሳስቀንም ቢሆን፣ የወረደው አፈር የማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ዛሬ የሚጠይቅም የለም፤ ሽቅብ የሚመልሰውም የለም።

አደ ሙሚናና ሳርቱ መጀመሪያ ቦርደዴ አካባቢ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋኝ። ሳርቱ የግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የምታውቋት ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯንና የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።