ጭረቱ ፎቶ ላይ አይወጣም

ሌንሱን የጫርኩት ራሴ ነኝ። በሌላ ሰው ባላክከው ደስ ባለኝ፤ ግን ከእኔ በቀር ካሜራውን የነካ አልነበረም።

ጥር ላይ ቡሬ የታናሽ እህቴን ሰርግ እያነሳሁ ነበር። ጭፈራው ሲደራ የግቢው አቧራ ተነሥቶ ሌንሱ ላይ አረፈ። ሙሽሮቹ ከቤት ሊወጡ ነው፣ መጥረጊያ ጨርቄን ሱቅ ረስቼዋለሁ። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግ አደረግሁት። ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስንት ዓመት ስሠራ፣ «መስታወት ከነአቧራው አይታሽም» እያልኩ ሌላውን ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። በማግስቱ ሌንሱን ወደ ብርሃን ሳዞረው መሃሉ ላይ ሦስት ቀጫጭን ጭረቶች አየሁ።

ቡሬ ውስጥ በሙያው የሚቀድመኝ ጓደኛ አለኝ፤ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየና «ተወው። ፀሐይ ፊት ለፊት ካልመታህ በቀር ጭረቱ ፎቶ ላይ አይወጣም» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሰርጉን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ አተልቄ ጥግ በጥግ አየኋቸው፣ ምንም የለባቸውም። እኔ ግን አንድ ነገር አንዴ ከገባብኝ አይወጣልኝም።

እናቴ የምትኖረው ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። የእህቴን ፎቶ አሳጥቤ ሄድኩና ገና ሳልሰጣት «ሌንሴ ተጭሮብኛል፤ እስኪ ፎቶውን እይው፣ ያስታውቃል?» አልኳት። ወደ በሩ ወስዳ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ አበሰች።

«ሙሽራይቱ ጉም ለብሳለች» አለች።

እናቴ ነገር በቀጥታ አትናገርም። ወጥ ጨው ሲበዛበት «እንጀራው ጥሩ ነው» የምትል ሴት ናት። ስለዚህ ጉም ያለችው ሥራህ ተበላሽቷል ማለቷ መሰለኝ፤ የጓደኛዬንም፣ የገዛ ዓይኔንም ምስክርነት ትቼ እሷን አመንኩ። ተናደድኩም። ሌላው ሰው ቢለኝ እንዲያ አያንገበግበኝም ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ጭረትን የጥርስ ሳሙና ያጠፋዋል የሚል ምክር አገኘሁ። ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ቁጭ ብዬ አሸሁ። አዲስ ፎቶ አንስቼ ወደ እናቴ እወስዳለሁ፣ «ጉሙ አልለቀቀም» ትለኛለች፣ ተመልሼ አሻለሁ። ጭረቱ ንቅንቅ አላለም። ሌንሱ ላይ የነበረው፣ ነጸብራቅ የሚከላከለው ሐምራዊ ቅብ ግን ተገፎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ፎቶዎቼ የምር ነጣ፣ ደብዘዝ እያሉ መውጣት ጀመሩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። አንድ አስተማሪ የመታወቂያ ፎቶውን ተቀብሎ «ይኼ እኔ ነኝ ወይስ መንፈሴ?» አለኝ። አልሳቅሁለትም።

ሰኔ ላይ እናቴ ዘንድ ተቀምጬ ስለ ሌንሱ ሳማርር፣ ግድግዳዋ ላይ ወደተሰቀለው የአባቴ ፎቶ ዞረች።

«ያኔም ተጭሮብህ ነበር እንዴ? አባትህም እኮ ጉም ለብሷል።»

በየዋህነት ይሁን በሽሙጥ ዛሬም አላውቅም። ያንን ፎቶ ያነሳሁት አባቴ በሕይወት ሳለ፣ በሌላ ካሜራ ነው። እንደ ውኃ ጥርት ያለ ፎቶ ነው።

አገጯን ይዤ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኳት። የስንቱን ፊት ሳነሳ ኖሬ የእናቴን ዓይን እንደዚያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። የላይኛው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ዓይኗን ባርገበገበች ቁጥር ሽፋሽፍቶቿ ብሌኗን ይፈገፍጉታል። የግራው ብሌን ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል።

«ፀጉሩ ይወጋኛል፤ ስነቅለው ይሻለኛል» አለችኝ፣ ስለ ጥርስ ሕመም እንደምታወራ ሁሉ። ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥላለች። ለእሾህ የያዘችው ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ቀጥሎ ፈራሁ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የዓይን ነርሷ በባትሪ አየቻትና «እናቴ፣ ፀጉሩን በትንሽ ቀዶ ጥገና ወደ ውጭ እናዞርልዎታለን፤ አይፍሩ» አለቻት። እኔን ደግሞ ወደ ጎን ጠርታ ድምጿን ቀነሰች። «የቀኙን ደርሰንበታል። የግራው ተጭሮ ተጭሮ ጠባሳ ሆኗል፣ ቀዶ ጥገናው እሱን አይመልሰውም። በጥቂት ወራት ቀደም ብትሉ ኖሮ ይኼን ያህል አይጎዳም ነበር።»

በእነዚያ ወራት ምን ስሠራ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ጨርቅ መርጬ፣ ክብ በክብ፣ ሳልጫን፣ የብርጭቆ አፍ የምታህል መስታወት ሳሽ ነበር ይባላል? ራሴን ጠላሁት።

ነርሷ ወደ እናቴ ተመልሳ ዓይኗን እያጠበች እንደ ልጅ ቆጣ አለቻት። «ምነው እናቴ፣ ለልጅዎ ቀደም ብለው ቢነግሩት ምን ነበረበት?»

«ነገርሁት እንጂ» አለች እናቴ። «እሱ ካሜራውን አከመ።»

ነርሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።