የወንድሜ ውሻና የፋሲካው ዶሮ

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ለእኔ ምንም አላለኝም። ቀበሌው ደጃፍ የቆመው መኪና ላይ ተጭኖ፣ አንገቱን በሰው ትከሻ መሀል አስግጎ፣ «እማዬ፣ ውሻዬን አደራ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ «እኔ እያለሁ አታስብ!» አለችው። እኔ እህቱ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር በውሻው ቀናሁ።

እናቴ ውሻ ወዳጅ አልነበረችም። ውሻ የነካ እጇን ሳትታጠብ ምንም ነገር አትይዝም። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውሮ ነው አዋሳ ያመጣት፤ ያኔ ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት። እሱ ሞቶ ታቦር ተራራ ሥር ባለችው ቤታችን ሦስት ሆነን ስንቀር፣ ወንድሜ ቡችላውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ይዞት መጣ። ውሻው ደጅ እንዲያድር ተፈቀደለት። ቤቱ ሲጾም ግን እሱም ይጾም ነበር። ለውሻ ተብሎ ሥጋ የሚገዛ የለም፤ የሚደርሰው የሽሮ ፍትፍት ነው። ወንድሜ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ሐይቁ ዳር ይወርድና ከዓሣ አጥማጆቹ ጭንቅላትና አንጀት ለምኖ ያመጣለታል።

«ውሻውን ጾም አስገደፍከው!» ትለዋለች እናቴ።

«የንስሐ አባቱ እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን አገባሽ?» ይላታል። ትቆጣለች፣ ግን ሳቋ ያመልጣታል።

እሱ የሄደ ዓመት ሐይቁ ዳር የሚወርድለት አልነበረም። ውሻው ሁዳዴን ሙሉ ከእኛ ጋር ጾመ። ጎኑ ገባ፣ ጠጉሩ ደረቀ፣ ቢሆንም ደህና ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከዶሮው ብልት ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የወንድሜ ነበር። እናቴ የዚያን ለትም አውጥታ ሳህን ላይ ለብቻው አስቀመጠችው። እኛ በልተን ስንጨርስ ሳህኑን አንሥታ ስታየው ቆየችና፣ «የሱ ድርሻ ለማን ይሰጣል? ለሱው ውሻ ነው እንጂ» አለች። ሥጋውን ከነአጥንቱ፣ ቅቤ የተንሳፈፈበትን መረቅ እንዳለ፣ እንቁላልም ጨምራ በእንጀራ ፈተፈተችለት። ሲበላ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «ብላ፣ የጌታህ ነው» ትለዋለች። ሳህኑን ልሶ ቀና ብሎ ሲያያት ደገመችለት። እኔም ከራሴ ጣል አደረግሁለት። ወንድሜን ያበላነው ያህል ደስ ብሎን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ትውከት በትውከት ሆኖ አገኘነው። ውሻው ጀርባውን አጉብጦ አጥሩ ሥር ቆሟል። ሆዱ ተነፍቷል፣ ተቅማጡ መቆሚያ የለውም። በዚያ ሰሞን መንደር ለመንደር የውሻ መርዝ ይጣላል እየተባለ ይወራ ስለነበር እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ «መርዝ በልቶብኝ ነው!» አለች። ለመርዝ ደግሞ ወተትና ቅቤ ነው መድኃኒቱ፤ ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ጎረቤታችን፣ ላም ያላት ጴንጤ ሴት፣ ወሬውን ስትሰማ የታለበ ወተት ይዛ ከተፍ አለች። እናቴ ቅቤ አቀለጠችበት። እኔ መንጋጋውን ፈልቅቄ ያዝኩ፣ እሷ አንቆረቆረችበት። ባስመለሰ ቁጥር «መርዙ እየወጣ ነው» እያልን ጨመርንለት። ያን ጊዜ አንዳችን እንኳ «እስቲ እንተወው» ብንል ኖሮ! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እየባሰበት ሲሄድ ከብት ሐኪም ዘንድ ልንወስደው ተነሣን። ውሻ የሚጭን ጋሪ ግን የለም። ያቺ ውሻ የነካ እጇን የምትታጠብ ሴት የፋሲካ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችውና እንደ ሕፃን አቀፈችው። ጅራቱ ሲወጣ እኔ መልሼ እከታለሁ።

«ልጁን በጣም አሞታል እንዴ፣ እማማ?» አለ ባለጋሪው ዘወር ብሎ።

«በጣም።»

«እግዜር ይማርልዎት።»

«አሜን» አለች፣ ከልቧ።

ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ ምን እንደበላ ጠየቀ። «መርዝ» አለችው። «ሲበላ አይተዋል?» «ሲበላስ አላየሁም።» «ትናንትናስ ምን ሰጣችሁት?» ፈረሰኛውን፣ መረቁን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን ተራ በተራ ስትነግረው ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። ሰውዬው አልተቆጣትም። «እናቴ፣ መርዝስ አይመስለኝም። ሽሮ ሲበላ ለከረመ ሆድ ቅቤና በርበሬው በዝቶበታል፤ አጥንቱም ሳይጎዳው አልቀረም። ዛሬ ምግብ ተከልክሎ፣ ውሃ ብቻ ጠጣ እያደረገ ቢያርፍ ይሻለው ነበር» አላት። መርፌ ወጋው። ስንመለስ ጋሪው ላይ፣ እቅፏ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ባለጋሪው እንዳያውቅባት እስክንወርድ ድረስ እሹሩሩ ስትለው ነበር።

«አስበሽ አላደረግሽው» ብላት አልሰማ አለችኝ። «አደራ በላሁ። ምን ብዬ ዓይኑን አያለሁ?» ትላለች። ወደ ጦር ግንባር የሚሄድ ሰው ካገኘች ሰላምታ ትልክና የውሻውን ነገር እንዳያነሡበት ታስጠነቅቃለች። ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ በውሻው እንዳያዝንባት ትጨነቅ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወንድሜ አንድ ጠዋት አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። እናቴ እልል አለች፣ ጉልበቱን ሳመች፣ ማዕድ አቀረበች። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይጎርስ ፊቱ ቆመች።

«ልጄ፣ አደራህን በልቻለሁ። ውሻህን በገዛ እጄ ገደልኩት። ይቅር በለኝ።»

ወንድሜ ማኘኩን አላቆመም። «የቱን ውሻ?» አለ።

እንደ ልማዱ የሚያሾፍ መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁት። አያሾፍም ነበር። ጭራሽ አያስታውሰውም።

«ግድ የለም፣ ብላ» አለችውና ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ውሻው የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

«ተይ እንጂ እማዬ፣ አልተቀየመሽም እኮ» አልኳት።

«ምነው በተቀየመኝ!» አለች። «ልጄን እዚያው አስቀሩት።»