አንዴ ብቻ የሚነገር ግጥም

ልጅ ሳለሁ ከአጠና ግቢያችን የሚነሣው የባሕር ዛፍ ቅርፊት ጭስ፣ ማጋነን አይሁንብኝና፣ የታጠበ ልብስ ቢያሰጡበት የሚሸከም ነበር። ኮልፌ ያኔ እንዲህ እንደ ዛሬ ሰው በሰው ላይ የተደራረበበት ሰፈር አልነበረም። አሁን ዓለም ባንክ ብለው ኮንዶሚኒየም የደረደሩበት አገር ሁሉ የጅብ ርስት ነበር፤ ጅቦቹም ደኅና አስተዳደግ ያላቸው ስለነበሩ ትልቅ ሰው ሲያልፍ መንገድ ይለቅቁ ነበር።

አባቴ አቶ ሽብሩ አጠና ነጋዴ ነበር። ገና ጢም ሳያበቅል ከጉራጌ አገር ብቻውን መጥቶ፣ አጠና ተሸክሞ፣ ልጦ፣ በኋላም ከአስኮ ወዲያ ካሉ ገበሬዎች በአህያ እያስጫነ የራሱን ግቢ ያቆመ ሰው ነው። ፊደል አልቆጠረም። ነገር ግን አንዴ ጆሮው የገባ ነገር አይወጣም፤ የዛሬ ዓመት የገዛ ሰው ምን ዓይነት ማገር እንደወሰደ፣ ምን ብሎ እንደተከራከረ፣ ሲከራከር እንዴት እንደሳለ ጭምር ያስታውስልሃል።

የግቢው ዘበኛ መሪጌታ ነበሩ። ሰፈሩ መሪጌታ ይላቸው የነበረው ለክብራቸው ያህል ነው እንጂ እርሳቸው ራሳቸው ትምህርቱን ሳይጨርሱ ከጎጃም እንደወጡ አይደብቁም ነበር። ለምን እንደወጡ ግን ጠይቀናቸው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አላገኘንም፤ አንዴ ጎርፍ ነው፣ አንዴ አንበጣ ነው፣ አንዴ ደግሞ የመምህራቸው በቅሎ ቂም ይዛባቸው ነው። ማታ ማታ፣ የተላጠውን ቅርፊት ከምረው ሲያነዱ፣ የሰፈሩ ልጆች በየአጠናው ክምር ላይ እንደ ዶሮ እንሰፍራለን። ፋኖሱ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል፤ ፍሙ የመሪጌታን ጢም ከታች ወደ ላይ ያቀላዋል፤ እሳቸውም ይጀምራሉ።

ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ቅኔ ተማሪ ነበር። የቅኔ ተማሪ፣ አሉን፣ ግጥሙን ቤት ውስጥ አይሠራም። የበግ ቆዳ ደበሎውን ተከናንቦ ጫካ ይገባል፤ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ ቃል ከቃል ያጋጥማል፤ ይህም ቅኔ መቁጠር ይባላል። ማታ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። ታዲያ እሳቸው አንድ ቀን ሲቆጥሩ፣ የግጥሙን ቤት የምትዘጋ አንዲት ቃል ቀርታቸው ሳለ፣ ነብር ፊታቸው ድቅን አለ። እጃቸውን አንሥተው «ቆይ» አሉት። ነብሩም ጨዋ ነብር ነበርና ጅራቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ቃሏ ተገኘች፤ ግጥሙ ተዘጋ፤ ነብሩ ሰማና ዕንባውን በመዳፉ ጠርጎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጥጃ ጠፍቶ አያውቅም። ይህ ነብር መጀመሪያ ሲወራ የፍየል ቁመት ነበረው። እኔ አራተኛ ክፍል ስደርስ በሬ አክሎ ነበር።

አራተኛ ክፍል ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ግጥም ሲያነብ ዓይኑን የሚጨፍን ወጣት ነበር፤ መጽሐፍ መውደድን ከእሱ ነው የተማርኩት፤ የራሱን መጻሕፍት በጋዜጣ እየሸፈነ ያውሰን ነበር። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በወላጆች ፊት ስለ ተፈጥሮ ግጥም የምታነብ ልጅ እኔ እንድሆን መረጠኝ። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

ጻፍኩ። በተዋስኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ያለውን ባሕር፣ ጽጌረዳና ጨረቃ ሁሉ አጋበስኩ። ማታ እሳቱ ዳር ለመሪጌታ የመጀመሪያዋን ቤት አሰማኋቸው፦

ከባሕሩ ዳር ቆሜ ጽጌረዳ ሳይ፣
ጨረቃ አፍራ ገባች ተሸሽጋ ከሰማይ።

መሪጌታ እሳቱን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና፣ «ባሕር አይተሻል፣ ትርፌ?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«ጽጌረዳስ?»

«መጽሐፉ ላይ ሥዕሉ አለ።»

«ይህ የተቀመጥሽበትስ ዛፍ?»

«እሱማ ምኑ ይታያል፤ ሞልቶ።»

«እንግዲያው እሱንም አላየሽው» አሉና ሳቁ። አልተቆጡም፤ መጻሕፍቱንም አልነቀፉም። የመምህርሽ መጽሐፍ አፍሽን ፈቶልሻል፣ አሁን ደግሞ ዓይንሽን የሚፈታ ፈልጊ አሉኝ። ከዚያ ከጎጃም ይዘውት የመጡትን፣ ጠጉሩ ግማሹ ያለቀ ደበሎ ከጎጇቸው አውጥተው ሰጡኝና፣ በነጋታው ከትምህርት ቤት መልስ ከግቢው ጀርባ ካለው ጫካ ገብቼ እንድቆጥር ላኩኝ። እሳቸው የቆጠሩት በግዕዝ ነው፤ እኔ በአማርኛ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው አሉ።

ገባሁ። ደበሎውን ከአናቴ እስከ ተረከዜ ተከናንቤ ከአንድ ዛፍ ሥር ኩርምት አልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የሆዴን ጩኸት ነው። ቆይቶ ግን ቅጠሎቹ ሲንሾካሾኩ፣ ግንዶቹ ሲተሻሹ እንደ አሮጌ በር ሲጮሁ፣ ቅርፊቱ ራሱን እየላጠ ከአፈር ሲወድቅ ሰማሁ። ሽታው ደበሎው ውስጥ ገብቶ ይታፈናል፤ ጉንፋን የያዘው የከተማ ሰው ሁሉ እዚያ ደበሎ ውስጥ አንድ ደቂቃ ቢገባ ሐኪም ቤቶቹ ይዘጉ ነበር። በየቀኑ እየሄድኩ ቃል ከቃል ሳጋጥም ሰነበትኩ። ጥሩ ነገር መጥቶልኝም ነበር።

አንድ ቀን ግን ጭራሮ ለቃሚ ሴቶች በዚያ ሲያልፉ እኔ የግጥሜ ቤት ሞልቶልኝ ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። ደበሎ ለብሶ ከዛፍ ሥር ብድግ የሚል ነገር፣ በቀን ብርሃንም ቢሆን፣ ለእነሱ ጅብ ነው። ሸክማቸውን ጥለው የሮጡት ሩጫ እስከ አስኮ ሳይቆም አልቀረም። አንደኛዋ ግን ዞር ብላ እግሬን ስላየች፣ ጅቡ ጫማ ማድረጉን አስተዋለች፤ ጫማውም የአቶ ሽብሩ ልጅ ጫማ መሆኑን ለየች። ማታውን ግቢያችን ደጃፍ ተሰብስበው ለአባቴ አቤት አሉ። ልጅህን ምን አስነክተህ ነው ጫካ ለጫካ የምትለቃት፣ እያበደች እንደሆነ ጠበል ውሰዳት አሉት።

አባቴ ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቆ ሸኛቸውና እኔን ጓዳ አስገባኝ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነበር የምፈራው፤ ያን ማታ በጣም ዝቅ አደረገ።

«እኚህን ሰውዬ የቀጠርኳቸው አጠና እንዲጠብቁ ነው፤ ልጄን እንዲያነሆልሉ አይደለም። መምህርሽ ለትምህርት ቤቱ በዓል ና ብሎኛል፤ እሄዳለሁ፣ እሰማለሁ። ሰው ፊት የማይረባ ነገር ካወራሽ ክረምት ሳይገባ ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ።»

መሪጌታ ከዚያች ከሳንቃ ትርፍራፊ ከተሠራች ጎጆ ሌላ መግቢያ አልነበራቸውም። ዘመድ አለኝ ሲሉም ሰምቼ አላውቅም፤ ከነብሩ በቀር። የአባቴን ቃል ለእሳቸው አልነገርኩም። እሳቱ ዳር ሲስቁ እያየሁ ክረምቱን፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዝናብ እየወረደባቸው ደበሎአቸውን ይዘው ሲወጡ አስባለሁ፤ ግጥሜም እንደ ድንጋይ ይከብደኛል።

በበዓሉ ዋዜማ ልጆቹ ሳይመጡ ቀደም ብዬ ሄድኩና ጫካ የቆጠርኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ነገርኳቸው። ባሕርም ጽጌረዳም አልነበረበትም። መሪጌታ ዓይናቸውን ከፍሙ ሳያነሱ ሰሙ። ሲያልቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ጭሱ ነው አሉ፤ ጭሱ ግን ያን ማታ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው።

«ተባረኪ» አሉኝ። «ሞልታለች። ተነገረች፣ አለፈች።»

የት አለፈች አልኳቸው። እሳቸውም ጨርሶ ልብ ሳይሉ፣ እንደ ወትሮው ስለ ጎጃም ማውራት ቀጠሉ፦ እኛ ዘንድ መምህር ፊት የተነገረች ቅኔ አትደገምም፤ በማግስቱ ተማሪ ሌላ ይቆጥራል፤ ትናንት የተናገረውን ዛሬ ሰው ፊት የሚያቀርብ ተማሪ ያደረ ቁራሽ አሙቆ ለእንግዳ እንደሚያቀርብ ሰው ነው፣ ጓደኞቹ ዓይኑን አያዩትም። ነገ ትምህርት ቤት የማነበው እኮ ይህንኑ ነው ስላቸው ነው የደነገጡት። ለካ እሳቸው ለትምህርት ቤቱ ባሕሩንና ጽጌረዳውን የማነብ፣ የጫካውን ደግሞ እንደ ተማሪ ለመምህሬ የነገርኩ መስሏቸዋል። ያን ጊዜ ሕጉን ሊሽሩልኝ ሞከሩ። ያንቺ አማርኛ ነው፣ ልጅ ነሽ፣ ለልጅ ይፈቀዳል፣ ድገሚው ግድ የለም አሉ። እኔ ግን ስንት ማታ ሙሉ ያን ሕግ እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ነብሩ እንኳ የተነገረውን አንድ ጊዜ ሰምቶ ነው የሄደው። ግጥሙን የጻፍኩበትን ወረቀት ፍሙ ላይ ጣልኩት፤ እሳቸው በጣታቸው ሊያወጡት ሲሞክሩ ነደደ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ትልቅ ዳስ ተጥሎ ነበር። ቋሚዎቹ ከእኛ ግቢ የሄዱ አጠናዎች ናቸው፤ ከሳምንታት በፊት እርጥባቸውን ተተክለው ዝናብ ሲወርድባቸው ከርሟል። የጃንሆይ ሥዕል ከፊት ተሰቅሏል፤ ወላጆች በየአግዳሚው ተቀምጠዋል፤ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመካከላቸው አለ። ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ የመሪጌታ ነጭ ጥምጥም ይታየኛል።

መምህር ታፈሰ ስሜን ጠራ። ባዶ እጄን ወጣሁ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ምን ያህል ረዘመ ቢሉኝ፣ አዲስ የተወለደች ጥጃ አድጋ ወተቷ ታልቦ እስኪጠጣ ድረስ ነው እላለሁ። መምህር ታፈሰ ከጎን ሆኖ በሹክሹክታ የመጀመሪያዋን ቃል ሊያስታውሰኝ ይሞክራል፤ ምስኪን፣ እሱ የሚያውቀው መጀመሪያ ያሳየሁትን፣ ባሕሩን ነው። አባቴ ባርኔጣውን በጣቶቹ ማዞር ጀመረ። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ አጠገቤ ያለውን ቋሚ አየሁ። ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከተላጠው ግንድ ላይ ሳይላጥ ከቀረች ጥቂት ቅርፊት ሥር፣ አንዲት ለጋ ቅጠል ብቅ ብላለች። ሥር የለው፣ አፈር ጨብጦ አይጠጣ፤ ግን ብቅ ብላለች። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉም መጣ። አራት መስመር ነበር፤ አልኩትና ወረድኩ።

ጭብጨባው ዳሱን ሊጥለው ምንም አልቀረውም ብል መምህር ታፈሰ በሕይወት ቢኖር ኖሮ አዎ ይል ነበር። አባቴ ግን አላጨበጨበም። ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሳያየኝ፣ ከሰው ቀድሞ ወጣ።

አመሻሹ ላይ ግቢው በር ሲንኳኳ መሪጌታ እሳቱን ገና እየለኮሱ ነበር። አባቴ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ እሳቱ መጥቶ አያውቅም። የመጣበትን ነገር እንደማውቅ ሆኖ ተሰማኝ፤ ከአጠናው ክምር ላይ ወርጄ መሪጌታ አጠገብ ቆምኩ። አባቴ አንድ ግንድ በእግሩ ስቦ ተቀመጠና ጠየቀ።

«መሪጌታ፣ ያችን ነገር ያስጠኗት እርስዎ ነዎት?»

«የትኛዋን፣ አቶ ሽብሩ? እኔ ከአጥር ውጭ ነበርኩ፣ ቃሉ አልደረሰኝም። እኔ የሰማሁት የትናንቱን ነው።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማውን፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ በዚያ ጉራግኛ በሚጫነው አማርኛው ተናገረ፦

ከሥሩ ቆርጠውት ከዘመድ ለይተው፣
ሰው ደጅ ቢያቆሙት ጥላ ሆነ ለሰው፤
አገሩ ሩቅ ሆኖ እጁ ባዶ ሳለ፣
በቆመበት ስፍራ ቅጠል አበቀለ።

እኔ ዳሱ ውስጥ ስናገረው አጠናውን እንጂ ሌላ አላየሁም ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ግን እሳቱ ላይ አቀርቅረው እያንዳንዳቸው የሆነ ሩቅ አገር ያያሉ። ቅርፊቱ ጧ ጧ ይላል። በመጨረሻ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «ሞልታለች» አሉ።

«እንግዲህ» አለ አባቴ ግንዱን ወደ እሳቱ እየሳበ፣ «ስለ አንድ ነብር ልጆቹ ሲያወሩ እሰማለሁ።»

«ትናንት አውርቼው ነበር።»

«እኔ አልነበርኩማ። ወይስ እሱም አይደገምም?»

መሪጌታ ጢማቸውን አሹ። ተረት ይደገማል፣ ቢደገም ያድጋል እንጂ አያረጅም አሉ። ያን ማታ ነብሩ ከነጅራቱ የጭነት መኪና አከለ። ስለ ሌላ ዘበኛ የተነሣ ነገር አልነበረም፤ ክረምቱ ሲገባም አባቴ ጎጆዋን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሰላቸው። መሪጌታ እስኪሞቱ ድረስ በዚያች ግቢ ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጻፍኩ፤ መጻሕፍቱ የፈቱልኝን አፍና ጫካው የፈታልኝን ዓይን ይዤ እስከ ዛሬ እጽፋለሁ። ግቢው አሁን ፎቅ ሆኗል፤ የሚጨስም የለበትም። ያችን ግጥም ግን ሰው ፊት ደግሜ አላልኳትም። የሚላት አባቴ ነበር። ደንበኛ አጠና ሊመርጥ ሲመጣ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና፣ ሳይጠየቅ፣ ከጥንት ጀምሮ የራሱ እንደሆነች ሁሉ ይላታል፤ አንዳንዱ ገዢ ሰምቶ ዕንባ ሲያቀርር በዓይኔ አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው። እኔ ሕጉን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ፤ እዚህም ወረቀት ላይ የተናገራት እሱ ነው።