የእህቴ ጉልበትና የወተቷ ስም

ታላቅ እህቴ ወተት ሻጭ ናት፤ ጓሮዋ ያሉትን ላሞች አልባ ለሰፈሩ ትሸጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቁጢጥ ብላ ስታልብ ቀኝ ጉልበቷ አለቀና የአጥንት ሐኪም ከፍቶ የብረት መገጣጠሚያ አስገባላት። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት! ደረጃ ስትወርድ አይቼ «ሙሽሪት» ብላት፣ «አፍህን ዘግተህ የሰው ፀጉር ቁረጥ» አለችኝ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሱቄ ከደጇ አጠገብ ነው።

የራሷ ደንብ አላት። ወተቱ ለሰው ከመቀዳቱ በፊት ከእያንዳንዷ ላም ጡት መዳፏ ላይ ጨመቅ ታደርግና በትኩሱ ትቀምሳለች። ያልቀመሰችውን አትሸጥም፤ ክብሯ ነው። አንድ ሰሞን አንዷ ላም ጊዜው ያልደረሰ ጥጃ ጣለች። እንግዴ ልጁ አልወጣ ሲል እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ በባዶ እጇ አወጣችው። ከዚያ ታጥባ ወደ ማለቧ ተመለሰች።

ወራት አልፎ ያ ጉልበት አበጠ። ሲመሽ ያተኩሳታል፤ ጠዋት አንሶላዋ በላብ ርሶ ይገኛል። ሐኪሙ ከጉልበቷ ፈሳሽ ቀድቶ ላቦራቶሪ ቢልክ ምንም አልተገኘም። ግራ ቢገባው ጥያቄ አበዛ፤ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከብት አለዎት ወይ? ጥሬ ወተት ይቀምሳሉ ወይ? ነርሷ እዚያው ቆማ መርፌ ታዘጋጃለች። ይቺ ነርስ የእህቴ ደንበኛ ናት፤ ልጆቿ ያደጉት በእኛ ወተት ነው። እህቴ ቀና ብላ አየቻትና መለሰች።

«ላሞቼ ጤነኞች ናቸው። ጥሬ ወተት ደግሞ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

እንደ ወጣን ጮኽኩባት፤ ተናድጄ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብጀምር፣ ዝም አይነቅዝም ብላ ዘጋችኝ።

«ወሬው አንተ ሱቅ ከገባ ማን ይገዛኛል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ጉልበቱ እንደሆነ የኔ ነው» አለች።

ሐኪሙ ለተለመደው ዓይነት ጀርም የሚሰጠውን መድኃኒት አዘዘላት። ዋጠች፤ ምንም አልፈየደም። ብረቱ ከአጥንቱ እየለቀቀ መጣ፣ መራመድ አቃታት። ሁለተኛውን ናሙና ላቦራቶሪው ከወትሮው ይልቅ አቆይቶ ሲያየው ጀርሙ ብቅ አለ። ሐኪሙ አስጠርቶን የከብት ጀርም ነው አለን። በጥሬ ወተት፣ በተጣለ ጥጃ ፈሳሽ ይገባል፤ በደም ዞሮ ብረቱ ላይ ይሸሸጋል። በሰው ሠራሽ ጉልበት ላይ እምብዛም የማይታይ ስለሆነ እሱም ከመጽሐፍ በቀር አላጋጠመውም። ብረቱ ሳይላቀቅ ቢታወቅ ኖሮ መድኃኒቱ ብቻ ሊያተርፈው ይችል ነበር። አሁን አጥንቱ ተበልቷል፤ ብረቱ ይወጣል፣ እግሩም እንደተዘረጋ ይገጠማል፣ ከእንግዲህ አይታጠፍም። እህቴ ያኔ እውነቱን ተናገረች፤ በድምፅዋ የወተት ዋጋ የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ብረቱ ወጣ። እግሯን እንደ ግንድ ዘርግታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቁጢጥ ማለት ቀረ። የከብት ሐኪም መጥቶ የላሞቹን ደም መረመረና የታመሙትን በመኪና ወሰዳቸው። እህቴ በመስኮት አየች፣ አላለቀሰችም። እኔም ማልቀስ ነበረብኝ፣ አልመጣልኝም። ስቆርጥ እውላለሁ፤ ደንበኛ ይቀልዳል፣ እስቃለሁ፣ ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም። ቤት ስገባ በላሽ ወይ እላታለሁ፣ በላሁ ትላለች፤ ሌላ የምንነጋገረው የለም።

አንድ ከሰዓት ነርሷ ቁስሉን ልታጥብላት ቤት መጣች። ነርሷ አጥባ እስክትጠርግ እህቴ ጠብቃ፣ ስትፈራው የከረመችውን ጠየቀቻት።

«ልጆችሽ ደህና ናቸው? ወተቴን ሲጠጡ ነበር።»

«ኧረ ይተዉ እትዬ፣ አይጨነቁ» አለች ነርሷ፣ አዲሱን ፋሻ ከጥቅሉ እየፈታች። «እኛ ድሮም አፍልተን ነው የምንጠጣው። ጎረቤቱም ሁሉ እንደዛው ነው። የማን ወተትስ ቢሆን ጥሬውን ማን ይጠጣል ብለው ነው?»



«ደግ አደረጋችሁ» አለች እህቴ፤ ነርሷ ፋሻውን እንድትጠቀልልላትም ያንን የማይታጠፍ እግሯን በሁለት እጇ ደግፋ ከፍ አደረገችላት።