ከደባርቅ ጎንደር፣ ስለ አንድ ካሜራ

ከደባርቅ የተነሣሁት በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የጉዞዬ ዓላማ ልጄን ሰሚራን መገሠጽ ነበር። ሰሚራ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር የሴቶች ልብስ ትሰፋለች። ሱቁን ያከራዩአት የቆዩ ወዳጄ ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ የሰጧትም በእኔ ቃል ነው። በቅርቡ ሌባ ገብቶ ጨርቅ ስለወሰደባት ሐጂ ሱቋ ውስጥ ካሜራ አስገጠሙላት። እሷ ግን ደስ በመሰኘት ፋንታ ደወለችልኝ።

«አባ፣ ካሜራው ካልተነሣ እኔ እነሣለሁ። የወሩን መጨረሻ አልጠብቅም፤ ዘግቼ እመጣለሁ።»

ምክንያቱን ስጠይቃት «በስልክ አይነገርም» አለችኝ። እኔ ማንበብ የተማርኩት በሱቄ ስኳር ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ያለ አስተማሪ እዚህ የደረስኩት የጀመርኩትን ሳልጥል ነውና ልጄ ሥራ ጥላ ስትነሣ ማየት አልፈለግሁም። «ጥፋት የሌለበት ሰው ቢታይ ምን ይጎድልበታል?» የሚል ንግግር አዘጋጅቼ ወጣሁ።

ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ

ሚኒባሱ ሃምሳ ብር አስከፈለን። ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል። ዳባት ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በየአውድማው ገብስ ይወቃል፤ እብቁ ከነፋሱ ጋር አስፋልቱን ያቋርጣል። በዚህ ዓመት አዝመራው ሸጋ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ጭና ወደ ጎንደር ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ዞረች።

«አያ፣ ምነው ብቻዎን ያወራሉ?»

«ልጄን የምቆጣውን እየተለማመድኩ ነው።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ረዳቱም «ይለማመዱ አያ፣ ለቁጣ ሒሳብ አንጨምርም» አለ።

«ደግሞ ምን አጠፋች?» አለች ሴትዮዋ።

«ሱቋ ውስጥ ካሜራ ገባ ብላ ልትዘጋ ነው።»

«በካሜራው የሚያያት ማን ነው?»

ይህን እኔም አልጠየቅሁም፤ ልጄም አልነገረችኝም። ልምምዴንም ተውኩት። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ገደሉ ከእግራችን ሥር ተነሥቶ እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል፤ ተራሮቹ በጉም ላይ እንደ ደሴት ብቅ ብለዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያየሁት ሱብሃነላህ ስል እቆይ ነበር። ያን ዕለት ግን የሴትዮዋ ጥያቄ ሐሳቤን ያዘው።

ጎንደር

ከመናኸሪያው በባጃጅ አዲስ ዓለም ደረስኩ። የሰሚራ ሱቅ በር ገርበብ ብሏል። የሴቶች መስፊያ ነውና እንደ ልማዴ ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ።

«ማነው? አንዴ ይቆዩ... ይግቡ!»

ገባሁ። ደንበኛ አልነበረም። የተቆረጠ የሰርግ ቀሚስ መደርደሪያ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፉል በቃሪያ አስመጥታ አበላችኝ። ልክ እጄን ስታጠብ ንግግሬን ጀመርኩ። ሰሚራ አላቋረጠችኝም፤ ትንፋሽ ስወስድ ግን ቀስ ብላ ተናገረች።

«አባ፣ ከመቆጣትዎ በፊት ከሐጂ ሻይ ቤት አንድ ሻይ ይጠጡ። ከዚያ ይቆጡኝ።»

የሐጂ ሻይ ቤት ከሱቋ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። ገብቼ ሻይ አዘዝኩና ቀና ስል ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አየሁ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ የልጄ ሱቅ አለ፤ ልጄም አለች። ሻሿን እስከ ግንባሯ አጥብቃ አስራ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ትሰፋለች። በገዛ ሱቋ ውስጥ፣ ብቻዋን ሆና፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ወደ ግድግዳ ዞራለች።

«ዛሬም አኩርፋለች» አለ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ።

ጓደኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰርገኞቹ ወገባቸውን የተለኩ ዕለት ነበር ማየት! ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም።»

ተሳሳቁ። ብርጭቆዬን ወደ ጎን ገፋሁ። ሴትዮዋ ለጠየቀችኝ መልሱ ይኸው ነበር። የሚያያት ሻይ የጠጣ ሁሉ ነው።

ሐጂ ኑሩ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «እንድሪስ! መቼ ገባህ? አየኸው አይደል? መርፌዋን እንኳ ያሳያል። ልጄ ደግሞ ፊት ለይቶ ስም የሚጽፍ ካሜራ መጥቷል ይለኛል፤ ቀጥሎ እሱን ነው የማስገባው።»

«ሐጂ፣ ምነው ሻይ ቤት ሰቀሉት?»

«ታዲያ ጓዳዬ ተቀምጬ የሰው ሴት ልጅ ሱቅ ብቻዬን ልይ? ነውር አይደለም? ምስጢር እንዳይሆን፣ ሁሉም በሚያይበት አደረግሁት።»

ከልባቸው ነበር የተናገሩት። የአንድ ሰው ዓይን ነውር እንዳይሆን ብለው የሰፈሩን ዓይን ጠርተዋል። መቆጣት ፈለግሁ፤ ግን ክፋት የሌለበትን ሰው እንዴት እቆጣለሁ?

«ሰሚራ ሱቅ ሲሄዱ በሩ ላይ ምን ይላሉ?»

«ቤቶች እላለሁ። ሌላ ምን ልል?»

«ከዚያስ?»

«ይግቡ እስክትለኝ እቆማለሁ።»

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆምኩ። «ይኸኛውስ ምን ብሎ ገባ?»

ሁለቱ ጎልማሶች ብርጭቆአቸውን አዩ። ሐጂ ወደ ግድግዳው የዞረችውን ልጄን ተመለከቱ። «አስተግፊሩላህ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኔ እኮ ለጨርቁ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ፊት የሚለየውንም ይተዉት ሐጂ። ደባርቅ ገበያ ሁሉም ፊቴን ያውቃል፤ ግን የሚያውቀኝን እኔም አውቀዋለሁ። ሰላም ይለኛል፣ ሰላም እለዋለሁ። ግድግዳ ላይ ያለው ስሜን ቢያውቅ እኔ ማንን ሰላም ልበል?»

ሐጂ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በገዛ እጃቸው አጠፉት። ሰሚራን አስጠርተው ይቅርታ ጠየቋት፤ ትልቅ ሰው ሲያደርገው የሚከብድ ነገር ነው፤ አደረጉት።

«ሌባውስ ልጄ?»

«ሌባ በጣሪያ አልመጣም ሐጂ፤ ቁልፍ ሰብሮ ነው የገባ። ካሜራው ደጅ ሆኖ ደረጃውንና ቁልፉን ይይልኝ። እሱንም ማታ ስዘጋ እኔው እከፍተዋለሁ።»

ከመምሸቱ በፊት ካሜራው ወጥቶ በሩ ላይ ተሰቀለ፤ ማሳያው ለሰሚራ ተሰጠ። እሷም «እዚህ ደረጃ ላይ ካሜራ አለ» ብላ በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች።

«አባ፣ ቁጣውስ?» አለችኝ ስትጨርስ።

«ኮሶዬ ገደል ጥዬው መጣሁ።»

ይህ እውነት አይደለም። የጣልኩት ሻይ ቤቱ ውስጥ ነው።

መልስ

በማግሥቱ ጠዋት ልሰናበታት ስሄድ የስፌት መኪናዋ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ዞሯል። የሰርጉ ቀሚስ ባለቤት ከእህቷ ጋር መጥታ ከመለኪያው መጋረጃ በስተኋላ ይሳሳቃሉ። ደጅ ቆሜ ደህና ሁኚ አልኳትና ሳልገባ ሄድኩ። ለባለቤቴ ለዘሀራ ግማሽ ኪሎ ቴምር ገዛሁ።

ስመለስ ሚኒባሱ ኮሶዬ ባይቆምም ገደሉን በመስኮት ጠግቤ አየሁት። ሌባን እስከ ዛሬ እጠላለሁ፤ ቁልፍን የሚጠብቅ ዓይንም አልነቅፍም። ነገር ግን ጥፋት የሌለበት ሰውም በር ያስፈልገዋል። ልጄን ላስተምር ሄጄ ይህን ተምሬ መጣሁ፤ ደስ ብሎኛል።

ደባርቅ የገባሁት በአሥር ሰዓት ነው። የቤቴ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። እጄን ልሰድ ብዬ ተውኩትና ደጅ ላይ ቆምኩ።

«ቤቶች!»

«ማነው?»

«እንድሪስ ነኝ።»

ዘሀራ ሳቀች። «ለገዛ ቤትህ? እንግዳ ከሆንክ እንግዲያው ቆይ፣ ቤቱን ላነሣሣ!»

ነፋሱ ይቆርጣል። ቴምሬን ታቅፌ፣ ግባ እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅኋት።