ቀይ ቀለም የተቀባው ፈቃድ

ጋሼ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቴሌፎኒስት ነበሩ። ዓይናቸው አያይም፤ ነገር ግን አቃቂ ውስጥ በድምፁ ብቻ የማይለዩት ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። እኔ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሑፍና ጥገና የምሠራባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፤ እሳቸው ከሥራ ሲወጡ ጎራ እያሉ ወሬ ያቀብሉኛል፣ ያበሽቁኛል፣ ይሄዳሉ። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ አንድ የክረምት መግቢያ ላይ ግን ሳይቀልዱ ገቡና ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ሲዲ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

ፋብሪካው ወደ ግል ዞሮ ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች ስልኩን ራሱ አንስቶ ራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ ሊያስገቡ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረምና ጋሼን ጠርቶ እውነቱን ነገራቸው። ከውጭ ደንበኞች የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ያለ ሰው እርዳታ በኮምፒውተር ማንበብ ከቻሉ ቢሮ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ እስከ መስከረም ካልቻሉ ግን ጡረታ ይወጣሉ። ሲዲው ላይ ያለው ስክሪን ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነበር ፈልጎ ያመጣላቸው። ጡረታው ምን ይከፋል ብዬ ልቀልድ ስል አቋረጡኝ።

«ሙሉ ዕድሜዬን ከሰው ድምፅ ጋር ኖሬ፣ አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ማንን ላዳምጥ ነው?»

ፕሮግራሙን የሱቄ ማሽን ላይ ልጭነው ብሞክር እምቢ አለ። መጀመሪያ ዊንዶውን አሻሽይው አለኝ፤ ላሻሽለው ስል ደግሞ ዊንዶውሽ የተሰረቀ ነውና አይሆንም አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያን ጊዜ ዊንዶው ገዝቶ የሚያውቅ አንድ ሰው አላውቅም ነበር። ሁላችንም የተገለበጠ ሲዲ ነው ያለን፤ ሲጫን የሚጠይቀውን ረጅም ቁጥርም በቃላችን ነው የምናውቀው። ከአቃቂ እስከ ፒያሳ ያለ ቴክኒሻን ሁሉ ያንኑ አንድ ቁጥር ነው የሚያስገባው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በዚያ ቁጥር ቢደወል ስንት ሰው ነው አቤት የሚለው ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው አብሮኝ አደረ። እኔ ነገር ካልገባኝ ሰላም የለኝም፤ እናቴ «የሰው ሬዲዮ ፈትታ መልሳ የማትገጥም» እያለች ለጎረቤት የምታማኝ ልጅ ነበርኩ። ለዓመታት ስጭነው የኖርኩት ነገር ሲሸጥ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ጠይቄ አለማወቄ አናደደኝ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ በታክሲ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ዕቃ አቅራቢዬ ዘንድ ሄድኩ። የስልጤ ሰው ነው፤ ከዱባይ የሚመጣ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ኦሪጅናል ዊንዶው እፈልጋለሁ ስለው መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ስልክ የሚሞላበትን ገመድ ከላዩ አንስቶ ከጠረጴዛው ሥር አንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ። በስሕተት ከዕቃ ጋር ታሽጎ የመጣለት እንጂ ገዢ አግኝቶ አያውቅም።

«ይሄ አፕግሬድ ነው» አለኝ፤ ከዚያም ሦስት ዓይነት እንዳለ አስረዳኝ። ሪቴል የሚባለው ራሱን የቻለ ነው፤ ማሽን ሲቀየር ከአሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ላይ ይጫናል። አፕግሬድ ርካሽ ነው፣ ግን ከሥሩ በሕግ የተገዛ አሮጌ ዊንዶው ካላገኘ አይቆምም። ኦ ኢ ኤም የሚሉት ደግሞ ማሽኑ ሲሠራ አብሮት የሚመጣ ነው፤ ከማሽኑ ጋር ይኖራል፣ ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። ታዲያ የምገዛው የቱን ነው፣ ሲዲውን ነው ወይስ ካርቶኑን ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱንም አይደለም አለኝ። ሲዲው ቢሰበር ሌላ ሲዲ ይገኛል፤ የሚሸጠው «ተጠቀሚበት፣ ተፈቅዶልሻል» የሚለው ነው። ሰው የማይታይ ነገር በካርቶን አሽጎ፣ ያውም በሦስት ዓይነት ከፍሎ እንደሚሸጥ ሳስብ ሥራዬን ትቼ እዚያው ብውል ደስ ባለኝ። ነጋዴውም ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ከኔ ጋር ክርክር ያዘ። ማዘርቦርዱ፣ የማሽኑ ዋና ሰሌዳ፣ ቢቃጠልና ብንቀይረውስ፣ ማሽኑ ሞተ ይባላል ወይስ ታከመ? እኛ ሰፈር ዕቃ አይሞትም፤ ከዚያኛው እየተነቀለ ለዚህኛው ይገጠማል እንጂ። ቦርዱ ከተቀየረ እንደ ሞተ ይቆጠራል አለኝ። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች አቃቂን አያውቋትም ብለን ተሳሳቅን።

ሪቴሉ ግን በእጁ አልነበረም፤ ይታዘዝ ቢባልም ከመስከረም በፊት አይደርስም። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ ለጋሼ እንዴት እንደማወራው ጨነቀኝ። አፕግሬዱን በቅናሽ ልስጥሽ አለኝ፤ እጄም ወደ ቦርሳዬ ሄዶ ነበር። ከዚያ ከሥሩ የሚቆምበት አሮጌ ፈቃድ የት አለኝ ብዬ አሰብኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጋሼ የነገርኳቸውን ሁሉ በጥሞና ሰሙኝ፤ ከዚያ ወደ ገዛ ሥራቸው ለወጡት። የፋብሪካው ሒሳብ ሹም ቢሮ በቀየረ ቁጥር የውስጥ ስልክ ቁጥሬን ይዤ ልሂድ እያለ ያስቸግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ቁጥሩ የግድግዳው እንጂ የሰውዬው እንዳልሆነ ያስረዱታል። ኦ ኢ ኤሙ የግድግዳ ቁጥር ነው፤ ሪቴሉ ሰው ይዞት የሚዞር ሞባይል ነው አሉኝ። ከዚያም አገጫቸውን እያሻሹ ጠየቁኝ።

«ለእኔ የተመደበው የቢሮው ማሽን ከነካርቶኑ የመጣ አዲስ ነው። ታዲያ የግድግዳው ቁጥር የታል?»

ይህ እንዴት እንዳልመጣልኝ አላውቅም። ዓለም ላይ ያለውን ፈቃድ ሁሉ ስጠይቅ ውዬ፣ እዚያው ያለውን ማሽን ማየት ረስቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ክንዴን ይዘው ፋብሪካ ገባን።

ማሽኑ ጥቁር ነው፣ አዲስ ነው። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ያለው እኛ ሰፈር የሚዞረው ኮፒ ነው። የፋብሪካው ቴክኒሻን ማሽኑ በመጣ ዕለት ከነፈቃዱ የመጣውን አጥፍቶ ያንን የፈረደበት ኮፒ ጭኖበታል። አልፈረድኩበትም፤ አዲስ ማሽን ሲመጣ መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ የሁላችንም ልማድ ነው። የፈቃዱ ቁጥር የተጻፈበት ስቲከር ካለ ግን ነገሩ ይድናል ብዬ ማሽኑን ወደ ጎኑ አዞርኩት። ስቲከሩ መኖር ባለበት ቦታ በወፍራም ቀይ ቀለም፣ በብሩሽ፣ የፋብሪካው የንብረት ቁጥር ተጽፏል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩ።

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ተጠርታ መጣች። ከወንበር እስከ ሚዛን ፋብሪካው ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ በእሷ እጅ ቀይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በዚህም ትኮራለች። ለምን እዚያ ላይ ጻፍሽ ስላት የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት ነው ያየችኝ። ማሽኑ ጥቁር ነው፣ ጥቁር ላይ ቀይ ቀለም አይነበብም፤ ያቺ ነጣ ያለች ወረቀት ብቻ ናት ቀለሙን ያሳየችው። ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ ደግሞ የፋብሪካው ንብረት አይደለም። ልጮህባት ነበር፤ ምክንያቷ ልክ ስለሆነ ግን ተውኩት። ጋሼ ግን አልተቆጡም። ከማሽኑ ጋር ሲዲ መጥቶ እንደሆነ በእርጋታ ጠየቋት።

መጥቶ ነበር። የብረት ቁም ሣጥኗን ከፍታ፣ ከመለዋወጫው መሃል፣ ማሸጊያው እንኳ ያልተነካ ሲዲ አወጣች። የታሸገ ነገር እንደታሸገ መቀመጥ አለበት የምትል ሴት ናት። ፈቃዳችንን የቀባችብን ጥንቃቄዋ ሲዲውን ደግሞ አተረፈልን፤ እዚያው አቅፌ ልስማት ቃጣኝ።

ቀረ ቀለሙ። ቲነር ብናደርግበት ወረቀቱንም ይበላዋል፤ ስለዚህ ላምባ ይሁን ተባለ። ጥጥ የሚቸግርበት ፋብሪካ አይደለም። በላምባ የራሰ ጥጥ ቀለሙ ላይ እያስቀመጥን ቆየን፣ ሲለሰልስም ጋሼ በጥፍራቸው ይልጡት ጀመር። እኔ ልላጠው ብል ወረቀቱን መቅደዴ አይቀርም ነበር፤ እሳቸው ግን ቀለሙ አልቆ ወረቀቱ ሲጀምር በጣታቸው ይታወቃቸዋል። ሴትዮዋ ቁጥሯ እንዳይጠፋባት ከጎናችን ቆማ፣ ከላይ ያለውን ሳትነኩ የምትፈልጉትን ብቻ ላጡ እያለች ትለምነናለች። ከብዙ ልፋት በኋላ ትንንሾቹ ፊደሎች ከቀዩ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። አንደኛዋ የእንግሊዝኛው ቢ ትሁን ወይስ ስምንት ቁጥር አልለየንም፤ ሲዲውን አስገብተን ስምንት ብለን ሞከርን፣ እምቢ አለ፤ ቢ ብለን ሞከርን፣ እሺ አለ።

ቀኑ አላለቀም። ዊንዶው ከተጫነም በኋላ ቁጥሩን ላምነው ይገባል ወይ ብሎ የሚያጣራበት መንገድ አለው። ኢንተርኔቱ ደግሞ በክረምቱ ዝናብ ጨርሶ ተቋርጧል። ስክሪኑ ሌላ መንገድ አሳየኝ፤ ውጭ አገር ስልክ መደወልና ረጅም ቁጥር ተናግሮ ረጅም ቁጥር መቀበል። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። የስልክ ማገናኛቸው ስዊችቦርድ ሊነቀል ቀናት ነበር የቀሩት። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅደው ወደ ክፍላቸው ወሰዱን፤ እኔና የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ማሽኑን ለሁለት ተሸክመን ተከተልናቸው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው መስመር ሲያወጡ እጃቸው አንድም ቁልፍ አልፈለገም።

መጀመሪያ የተቀዳ ድምፅ ነበር፣ ከዚያ አንዲት ሴት አነሣች። ጋሼ በዚያ በስልክ ብቻ በሚያወጡት ረጋ ባለ እንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጥተው ጉዳያቸውን ተናገሩ። እኔ ቁጥሩን በጥቂት በጥቂቱ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ሳያዛንፉ ያስተላልፋሉ። በመሃል አንድ ነገር ተጠየቁ። መናገሪያውን በእጃቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ፤ ከንፈራቸው ሳቅ ይዟል።

«በስንት ማሽን ላይ ነው የተጫነው ትለኛለች።»

የሠፈሩ ሁሉ ቁጥር ትዝ ብሏቸው ነበር፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩት። ወደ ስልኩ ተመልሰው አንድ ብቻ አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ኩራት ነበረበት። ከዚያ የሚመጣውን ቁጥር እየሰሙ ይነግሩኝ ጀመር፣ እኔም ጻፍኩ። የመጨረሻውን ስጽፍ ስክሪኑ ተቀበለኝ። የጋሼን ፕሮግራም ወዲያው ጫንኩት፤ በዚህ ጊዜ እምቢ አላለም። አፍንጫው የተደፈነ የሚመስል ፈረንጅ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል በቃል ማንበብ ጀመረ። ጋሼ እስኪጨርስ አዳመጡትና ይሄ ሰው ጉንፋን ይዞታል አሉ፤ እንባቸው ግን በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። ሴትዮዋም አለቀሰች፤ እኔስ ምን ድንጋይ ነኝ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ዓመታት ሠሩ። ያንን ማሽን እንደ ዓይን ብሌን ነበር የሚጠብቁት፤ መብራት በተቃወሰ ቁጥር መጀመሪያ እሱን ከሶኬት ያስነቅላሉ፤ ቦርዱ ከተቃጠለ ፈቃዱም አብሮ እንደሚቀበር ያውቃሉና። ጎኑ ላይ ያለው የንብረት ቁጥርም ግማሹ እንደተላጠ ቀረ።

የጡረታቸው ጊዜ በራሱ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው እንደ ወጉ ጋቢና የእጅ ሰዓት ሊሰጣቸው ተሰናዳ። ጋሼ ሁለቱንም አልፈልግም፣ ማሽኑን ስጡኝ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ገረመው፤ ያን ጊዜ ማሽኑ አርጅቶ አቧራ ያስነጥሰዋል፣ አዲስ እንግዛልዎት ብሎ ለመናቸው። ድምፁ ከዚህ ሣጥን ወጥቶ አይከተለኝምና እኔ ሣጥኑን እከተላለሁ አሉት። ተፈቀደላቸው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው የማደርሰው እኔ ሆንኩ።

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ በር ላይ አስቆመችን። ቁጥር ያለበት ዕቃ ከግቢ አይወጣም። ላምባና ጥጥ ይዛ መጥታ ተንበረከከች፤ በገዛ እጇ የጻፈችውን ቀይ ቁጥር እስከ ጫፉ አጠፋችው። ወደ ስቲከሩ ስትደርስ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ሸፈኑት።

«ይሄን አትንኪ» አሏት። «ይሄኛው የእኔ ቁጥር ነው።»

ባጃጁ ውስጥ ማሽኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር የሄድነው። እስከ ቤታቸው ድረስ መዳፋቸውን ከስቲከሩ ላይ አላነሡም።